በዓብይ ጾም የጠጣሁት ወተት

ጥር 28፣ ማክሰኞ፤ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ግማሽ እንቁላል። ቅቅል። በርበሬ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው። እንደ ሕፃን ልጅ በማንኪያ። እሱን ለመጨረስ አንድ ሙሉ ክስ የሚሰማበት ጊዜ ፈጀሁ። የቀረውን ግማሽ የሺ ሸፍና አስቀመጠችው፤ የ5 ሰዓት ነው።

እኔ ደምሴ! ሠርግ ቤት ስገባ አሳላፊዎች የሚጠቃቀሱብኝ፣ «ጎታው መጣ፣ ወጡን አብዙ» የሚባልልኝ ሰውዬ። ዛሬ ከግማሽ እንቁላል ጋር ቀጠሮ ይዤ እውላለሁ።

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ከጎንደር ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም። ሐኪሙ ሆዴን ከፍቶ ከጨጓራዬ አብዛኛውን ቆርጦ ጥሎታል። ቁስሉ ሊበሳው ደርሶ ነበር አሉ። የቀረችልህ ይህን ታህላለች ብሎ ፈረንጁ ሐኪም እጁን ጨብጦ አሳየኝ። የሚተረጉምለት ቁስል አጣቢ ድሬሰርም ያልገባኝ መስሎት የራሱን ጨበጠ። አልጋ ላይ ተኝቼ ሁለት ቡጢ ተደቀነብኝ። ትእዛዙ፦ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ወተት፣ እንቁላል፣ ለስላሳ ነገር። በርበሬ እርም። ጠላ እርም፣ አረቄ እርም። ጣፋጭ አትቅመስ። ከበላህ በኋላ ጋደም በል። እስከ ክረምት እንዲህ ነው።

ይህን የምታውቅ ባለቤቴ የሺመቤት ብቻ ናት። ለሌላው ሰው ያወራሁት ሌላ ነው። ጣና ደሴት ገዳም ሱባኤ ልገባ ብዬ ነው የወጣሁት። ለፍርድ ቤታችን ዳኛም እንዲያ አልኩ፣ ለነፍስ አባቴ ለቄስ ይርጋም እንዲያው። ምን ላድርግ? «ጎታው ሆዱን አስቆረጠ» ከተባለ ንፋስ መውጫ ዕድሜ ልኬን ይስቅብኛል። እስቴ አገር የተዳረችው ልጄ ድረስ ስሙ ይከተላታል። የበላሁት ሁሉ ዞሮ በላኝ ማለት አይደል? ስንት ዓመት በሆዴ ኮርቼ፣ በሆዴ ታመምኩ። አፈርኩ። ከቢላዋው ይልቅ ሣቁን ፈራሁ።

የካቲት 1፣ ዓርብ

መ/ቤት ገባሁ። ኮቴ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀበቶዬን የሺ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ በሳችለት፤ ጫፉ ተርፎ ጎኔ ድረስ ዞረ። በቅሎዬ ስወጣባት አንገቷን አዙራ አየችኝ። ሌላ ሰው መስያት ይሆናል።

«ምነው ከሳህ» ለሚለኝ መልስ ሳጠና ነበር የሰነበትኩት። ማንም አላለኝም። ከጎኔ የሚቀመጠው ጸሐፊ፣ አቶ ምትኩ፣ ካልቀለደ ራሱን የሚያመው ሰው፣ ብድግ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። አልቀለደም። ሱባኤ ማለት እንዲህ ነው፣ ሥጋን አራግፎ መምጣት ነው አለ። ዳኛው ሳይቀሩ ከችሎት ሲወጡ ቆም ብለው በጸሎትህ አስበን አሉኝ። ዳኛው! ከዚህ በፊት ያነጋገሩኝ መዝገብ ሲጠፋ ብቻ ነው።

እስከ 6 ሰ. ጎታው መባሌ ቀርቶ ባሕታዊው ሆኛለሁ።

አላስተባበልኩም። ደግሞ ደስ አለኝ። ማፈር ያለብኝ በእሱ ነው፣ ደስ በመሰኘቴ።

ከመዝገብ መደርደሪያው ጀርባ ሆኜ በጠርሙስ የያዝኩትን ወተት ጠጣሁ። ዓርብ ነው እኮ ዛሬ። ጠብታው አቧራው ላይ ወደቀብኝ፤ በጫማዬ አሸሁት።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ። ነነዌ

ሞኝነቴን ልጻፍ። ሕዝቡ ሁሉ ነነዌን ይጾማል፤ እኔም እንደ ሰው ልጹም ብዬ ጠዋት ሳልቀምስ ወጣሁ። የሺ ኩባያውን ይዛ በሩ ድረስ ተከተለችኝ፤ አልሰማኋትም።

6 ሰ. አካባቢ አንድ ባለጉዳይ መዝገቡን ጠየቀኝ። ልሰጠው ተነሣሁ። ከዚያ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። መዝገቡ ደረቴ ላይ፣ ምትኩ ግንባሬ ላይ ጸበል እየረጨ። ይህ ሰው በጾም ራሱን ሊገድል ነው እያለ ያለቅሳል። እውነቱን ነው ያለቀሰው፣ ተንኮል የለበትም።

በአራት ሰው ተደግፌ ቤቴ ገባሁ። የሺ እነሱን እስከ አጥሩ ሸኘች። ከዚያ ወተቱን እያቀረበች፦ «አንቱ፣ ሐኪሙ የከፈተው ሆድዎን ነው ወይስ ራስዎን?»

ሳቅሁ፤ ስፌቱ አመመኝ። እሷ አልሳቀችም። ዓብይ ጾም ደረሰ፣ ቄስ ይርጋ ዘንድ ይሂዱና ይንገሯቸው፣ ለበሽተኛ ይፈቱ የለ ወይ አለችኝ። ልክ ናት። ግን መፍቻውን ለመጠየቅ ሱባኤው ውሸት ነበር ማለት አለብኝ። ነገ አልኳት።

የካቲት 17፣ እሑድ። ቅበላ

ምትኩ ለቅበላ ጠራን። በግ ጥሏል። ዱለት፣ ጥብስ፣ ቅቤው እጅ ላይ የሚወርድ ዶሮ። ነገ ጾም ስለሚያዝ ሁሉም እንደ ተሸቀዳደመ ይበላል። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ የሰው አፍ አያለሁ። አያ ሆዳም፣ ምራቄ ኮቴ ላይ ሊወርድ ምንም አልቀረው።

ረሃቡ ሆዴ ውስጥ እኮ አይደለም። ሆዴ በሁለት ማንኪያ ይበቃዋል። የራበው ምላሴ ነው፣ ዓይኔ ነው፣ እጄ ነው። እጄ ገበታው ላይ መውረድ ይናፍቀዋል።

የምትኩ ባለቤት አጎረሰችኝ። በእኔ በጎታው ልክ ነው የጠቀለለችው፣ ዱሮ የምታውቀኝን ሰውዬ አጎረሰችው። እንቢ ማለት አይቻል፣ ነውር ነው። ተቀበልኩ። ጉንጬ ውስጥ ይዤ፣ ሽንቴ መጣ ብዬ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ ተፋሁት። ውሻው መጣ። አኝኮ እስኪውጥ ቆሜ አየሁት። ቀናሁበት፤ እንባዬ መጣ።

ስመለስ ጨርሼ አልበላም፣ ስለት አለብኝ አልኩ። በቅበላ ቀን እንኳ ይጾማል ተባለልኝ። የሺ በነጠላዋ አፏን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ጾሙ እንዲህ እየሄደ ነው። የሺ ጎሕ ሲቀድ ላሟን ታልባለች። ወተቱን ታፈላለች፣ እንቁላሉን ትቀቅላለች። እኔ ጓዳው መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ወተቱ ፈጅቶኝ እንዳያስለኝ ብላ እፍ እያለች ታቀዘቅዝልኛለች።

እሷ ግን ትጾማለች። እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ከንፈር ነው የእኔን ወተት እፍ የምትለው። ዛሬ አየሁት። ዞር ብዬ ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከማኅበሯ ተመለሰች፤ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ይዛ። በየወሩ በእመቤታችን ቀን ሴቶቹ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ የተረኛዋ ቤት ጽዋው ይገባል። ለመጋቢት ተራው የየሺ ነው። ቆጡ ላይ አስቀመጠችው፣ ወረድ ብላ እንደገና አየችው፣ ጨርቁን አስተካከለችው። ልጃችን ተድራ ከሄደች ወዲህ ለዚህች ሴት ከዚያ ማኅበር ሌላ ምን አላት? ስለ ስልጆው፣ ስለ ዳቦው ከአሁኑ ታወራለች። ጌሾ አሰናድታለች።

በዚህ ሳምንት ቄስ ይርጋ ዘንድ እሄዳለሁ።

የካቲት 29፣ ዓርብ

አልሄድኩም። አሁን የምጽፈውን እጄ አይወደውም።

ጠዋት ነው። እኔ መጋረጃው ጀርባ። የሺ ወተቱን በኩባያ ቀድታ ልታመጣልኝ ስትነሣ ወ/ሮ ዘነቡ ገባች። ዘነቡ ከአጥራችን ማዶ ያለች ጎረቤታችን ናት፤ የየሺ ማኅበር ሙሴም እሷ ናት፣ ማኅበሩን የምትመራው። እሳት ልትጭር ነው የመጣች። በእኛ ሰፈር እሳት ለመጫር ማን ደጅ ይጠራል?

ከዚያ የዘነቡ ድምፅ። ምንድን ነው እሱ እቴ? ወተት አይደለም? ቤታችሁ ሕፃን የለ፣ ጋሼ ደምሴ እንደሆኑ ጾመኛ ናቸው፣ ለማን ነው?

አንድ እርምጃ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ ማድረግ። እግሬ አልነሣ አለኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። እንደ ሌባ፣ በገዛ ቤቴ።

«የኔ ነው» አለች የሺ። «እኔ ነኝ የምጠጣው። ምን ታደርጊኛለሽ?»

ዘነቡ እሳቱን ሳትጭር ወጣች።

የሺ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ኩባያውን ሰጠችኝ። ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ አለችኝ። ጠጣሁት። ማስታወሻዬ፣ ጠጣሁት።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ። አቦ

ቤ/ክ ዋልን። ከቅዳሴ በኋላ፣ 9 ሰዓት አልፎ፣ የአቦ ዝክር ነበር። ብርዝ ቀረበ። ጣፋጭ አትቅመስ የተባልኩትን ረሳሁ። የለም፣ አልረሳሁም። ሲሰጡኝ እንቢ ማለት አፍሬ ነው። ሁለቴ ተጎነጨሁ።

ካህኑ ጸሎት ጀመሩ፣ የእኔም ጉድ ጀመረ። ልቤ ደለቀ። ጆሮዬ ጮኸ። ላቤ በግንባሬ፣ በአንገቴ፣ በጀርባዬ ወረደ። ጉልበቴ ተብረከረከና ወደ መሬት ሄድኩ። ስፌቴን ይዤ ግንባሬን አፈሩ ላይ ደፋሁ፤ እንዳላስመልስ እመቤታችንን እለምናለሁ።

ሕዝቡ ምን አለ? ጸጋ በዛበት አለ። አንድ ሽማግሌ ላቤን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው የታመመ ዓይናቸውን አበሱበት። በዓይኔ አየሁ። የምገባበት ጠፋኝ።

ጭራሽ የወንዶቹ የጊዮርጊስ ማኅበር በ23 ሙሴ ሊያደርገኝ ተመካክሯል። የነበሩት ሙሴ አርጅተዋል፣ ከዚህ ጾመኛ ሌላ ለማን ይሰጣል ተባለ። ምትኩ ነው የነገረኝ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

የሺን ፈለግኋት። ሁልጊዜ በምትቆምበት በቅጥሩ ሥር ቆማለች። በስተቀኟም በስተግራዋም ማንም የለም። ዘነቡ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ራቅ ብላለች፣ የየሺ ልብስ እንዳይነካት። ሌሎቹም እንደ ዘነቡ።

ስንወጣ ምትኩ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ ሰምቻለሁ፣ መስቀልህ ናት፣ ቻላት አለኝ። እጄን ጨበጠኝ። እኔም መልሼ ጨበጥኩት።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ዛሬም አልተናገርኩም።

የሺ ለማኅበሩ ጠላ እየጠነሰሰች ነው። ለእርዳታ ሁልጊዜ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ አመመኝ ብላ ቀረች። የሺ ብቻዋን እንስራ ታጥናለች። ላግዝሽ አልኳት፤ አየችኝና ወደ እንስራዋ ተመለሰች። ምን አውቄ አግዛለሁ?

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ቁስሉ ጥርቅም ብሎ ገጥሟል። ወተቱና እንቁላሉ ሠርተዋል። ከበላሁ በኋላ ማላቡ ቀንሷል፣ ትናንት የሺ አንድ ሙሉ ድንች ደቁሳልኝ በላሁ። ጉንጬ ሞላ ማለት ጀምሯል። ሐኪሙ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር።

የሺ ከስታለች። አሁን ነው ያስተዋልኩት። እኔን እንደ ሕፃን እያበላች እሷ ተመናመነች። ሰው ግን የእሷን መክሳት ጾም አይለውም፤ ኀጢአት ያከሳታል ይላል። በእኔ ሲሆን ጸጋ፣ በእሷ ሲሆን እርግማን።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። አንተም፣ ማስታወሻዬ፣ ነገ የሚለውን ከእኔ ስትሰማ ሰልችቶህ ይሆናል።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ፣ ጠዋት ነው የሚመጡት። የሺ ቤቱን ለቅልቃለች። ቄጤማ ጎዝጉዛለች። ትልቁ ዳቦ በኮባ ተጋግሮ ሞሰቡ ላይ። ስልጆው፣ ሽሮው፣ ተልባው። ጠላው ተጣርቶ። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆመች።

3 ሰ. ሆነ። የቅዳሴ ሰው በመንገዱ አለፈ። ነጠላዎቹን በአጥሩ ክፍተት አየናቸው፣ ዘነቡንም ለየናት። አለፉ። የሺ፣ ልብስ ሊለውጡ ይሆናል አለች። 4 ሰ. ሆነ። ዳቦው በላዩ ደረቀ፤ ጨርቅ አለበሰችው። 5 ሰዓቴ ደረሰ። ወተቴን አልጠጣሁም፣ ጎሽ ልባል አይገባኝም፣ አልወርድልህ ስላለኝ ነው።

ከዚያ ሁለት ሴቶች መጡ። ሮጣ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ አልገቡም። ግቡ እንጂ አለች። አንገታቸውን ደፍተው፣ ዘነቡ ልካን ነው፣ ጽዋውን ስጪን አሉ። ተራው ለሌላ ተሰጥቷል።

የሺ ቆጡ ላይ ወጣች፣ ጽዋውን አወረደች፣ ጨርቁን አስተካከለች፣ ሰጠቻቸው።

እኔ ወጣሁ። ያን ጊዜ ልናገር ነበር የወጣሁት፣ እመነኝ። ሴቶቹ ሲያዩኝ እስከ መሬት እጅ ነሡኝ። ለእርስዎ እናዝናለን አባታችን፣ በጸሎትዎ ያስቡን አሉ። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ! ሚስቴን አዋርደው ጽዋዋን ይዘው ለሚሄዱት!

ሲሄዱ የሺ ቄጤማው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ከአንቱ ሌላ ጠርታኝ አታውቅም። «አንተ፣ የቆረጡልህ ጨጓራህን ብቻ ነው?»

ወጥታ ሄደች። በላሟ በረት ውስጥ ስታለቅስ እሰማለሁ። መግባት አፈርኩ። ዳቦው እዚህ አለ፣ ማንም ያልቆረሰው። እኔም አልበላው ነገር ሆዴ አይችለው።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ይርጋን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋዩ ላይ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ፤ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሱባኤውን፣ ጎንደርን፣ ጠርሙሱን፣ ውሻውን፣ መጋረጃውን። ሸሚዜን ገልጬ አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩት። ስፌቱ ደኅና ነው፣ እጀ ብልህ ኖሯል አሉ። ወተቱ ይስማማሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ነጎድጓድ ነበር የጠበቅኩት።

የበሽተኛ ጾም የታዘዘውን መብላት ነው፣ ሐኪሙ ይብቃህ እስኪልህ ብላ፣ ጠጣ አሉ። ለውሸቱ ንስሐ ሰጡኝ፤ ስግደቱን በዚህ ሆድ አትችለውም ብለው ዳዊት በመድገም ለወጡልኝ። በቃ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ሳምንት የተደበቅኩት ለዚህ ነው። ጥር ላይ መጥቼ ቢሆን አንድ ጠዋት አይፈጅም ነበር።

ቀለለኝ። ተነሥቼ ልሳለም ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ያንተን ፈታሁልህ፣ ልጄ። የየሺመቤትን ማን ይፍታላት?»

እርስዎ ለሴቶቹ ይንገሩልኝ አልኳቸው። ዘነቡ ከእርስዎ ቃል አትወጣም፣ አንድ ቃል ቢሏት ይበቃል። ለመንኳቸው። እግራቸውን ያዝኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው በንስሐ የነገረኝን ከዚህ ድንጋይ አላሳልፍም፣ ያንተንም፣ ከአንተ በፊት መጥቶ የነገረኝንም አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉን ያውቁ ነበር። ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የሺም የነፍስ ልጃቸው ናት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሴቶቹ ከእሷ ሲሸሹ እያዩ አፋቸው ታስሮ ነው የከረሙት። እኔ ስመጣ ዓይናቸው የበራው ለዚህ ኖሯል።

«አፍ ያለህ አንተ ነህ» አሉኝ። ተሳልሜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለየሺ ነገ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ አልኳት። የት? በጊዮርጊስ ማኅበር፣ ሙሴ ሊያደርጉኝ ሲነሡ። ወጥ ታማስላለች። ማኅበሩ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ስንት ነገር አለ አለችኝ። ቀና አላለችም። አውቃኛለች። እስከ 9 ሰዓት ድረስ ነገ የምልበት ሰበብ አላጣም።

መጋቢት 23፣ ሰኞ፤ ከጠዋቱ 1 ሰ. ተኩል

ወተቱን ራሴ አሞቅሁ። የሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ራስህ አሙቅ አለችኝ። አሁንም አንተ ነኝ። ገነፈለብኝ፣ ምድጃውን አጠፋሁት፣ እጄን ፈጀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስበላ እሳት አጠገብ ቆሜ አላውቅም። ግማሹ ተረፈ። ኩባያ ውስጥ አደረግሁት። ከመደቡ ላይ ሆና ታየኝ ነበር፤ ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ ይመስለኛል፤ ላይሆንም ይችላል።

ጓዳ አልገባሁም። ደጃፍ ልወጣ ነው አልኳት። ኩባያውን ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ፣ እንዳትከለክለኝ ይሁን እንድትከለክለኝ እኔም አላውቅም። ተነሣች። በርጩማዬን ከመጋረጃው ጀርባ አወጣችና ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ መ/ቤትና ወደ ውኃ በሚወርድበት በኩል አስቀመጠችው።

እዚያ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ኩባያው ጉልበቴ ላይ። የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቻለሁ፣ ስፌቱ ይታያል፣ የጋይንት ጠዋት ብርዱ ሆዴ ድረስ ገባ። አንድ ባለ አህያ አለፈ። አየኝ፣ ኩባያውን አየ፣ አማተበ። ይኸው ተጀመረ።

ምትኩ በዚህ ነው የሚያልፈው። ምን ብሎ ይጠራኝ ይሆን ከእንግዲህ? ሙሴነቱም ቀረ፣ ባሕታዊነቱም። ይሳቁ። ጎታውም ይበሉኝ፣ ቀዳዳ ጎታም ይበሉኝ።

የዘነቡ በር ሲጢጥ አለ። እንስራ አዝላ ወጣች። መንገዷ በእኔ በኩል ነው፣ ሌላ መንገድ የላትም። አየችኝ። ቆመች። የሺ ከኋላዬ በሩን ይዛ እንደቆመች በትንፋሿ አውቃለሁ።

ብዕሩን ላስቀምጥና ኩባያውን ላንሣ። የምላት ሁለት ቃል ናት፣ የሺ ያን ዕለት ያለቻት። የኔ ነው።

ጠራኋት።